አገር መስጠት፦ ጨዋታና ምናባዊ ታሪክ ለምትፈጥሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አንዳንዶቻችሁ እዚህ ጅማ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ ሌሎቻችሁ በቴሌግራም ጽፋችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። «ቲቸር፣ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ እንዴት ነው የሚፈጠረው? ከየት ልጀምር?» ላንዱ ስመልስ ሌላው ይቀርብኛል። ስለዚህ ተረጋግቼ ይቺን ደብዳቤ ልጻፍላችሁ ብያለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ይሆንና ቦታውን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዷ አዳኝ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ቅጠል አዋቂ ትሆናለች። መሪው «ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይመልሳሉ። መሳካቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ፣ ማለትም በየገጹ ቁጥር ያለበት ትንሽ መጫወቻ፣ ይጣላል። መጀመሪያ የታተመው እንዲህ ያለ ጨዋታ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ አወጡት። አንድ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ሰዎች በትንንሽ የወታደር ምስሎች የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያመጡት ትልቁ ለውጥ፣ ተጫዋቹ ሠራዊት መምራቱን ትቶ አንድ ሰው እንዲሆን ማድረጋቸው ነው።

እኛ ዘንድ ግን የነገሩ ዘር ከዚያ በፊትም አለ። ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» ሲሉን «ምናውቅልህ» እያልን ነው ያደግነው። መልሱ ሲጠፋን ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። እንሰጠዋለን። ጎንደርን ብንሰጠው «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ይጀምርና የበላውን፣ የጠጣውን፣ የለበሰውን ይዘረዝርልናል። እስቲ አስቡት። አንድ ልጅ በቃሉ ብቻ አገር ይሰጣል፤ ሌላው በቃሉ ብቻ ገብቶ ይኖርበታል። የዚህ ሥራ ምሥጢር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በ1989 ዓ.ም. የሒሳብ መምህር ሳለሁ አንድ የውጭ አገር ባልደረባዬ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ከረጢት ዳይስና የተቀዳደደ የመመሪያ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ጀብዱ፣ ማለትም ልጆቹ የሚጫወቱትን ታሪክ፣ ጻፍኩ። ስልሳ ገጽ። ንጉሡ ምን እንደሚል፣ ከሃዲው ማን እንደሆነ፣ መጨረሻው ጦርነት እንዴት እንደሚያልቅ ሁሉም ተጽፎ አልቋል። አምስት ተማሪዎች ሰብስቤ ጀመርን። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ ልጅ «እኔ ወደ ቤተ መንግሥቱ አልሄድም፤ ወንዙን ተከትዬ ምንጩን ነው የምፈልገው» አለ። እኔ የወንዝ ምንጭ የሚባል ገጽ አልነበረኝም። መንገዱን በጎርፍ ዘጋሁበት። በሌላ በኩል ሞከረ፤ በሽፍታ ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ወዲያና ወዲህ እያንከባለለ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። እስከ ዛሬ ያ እርሳስ ሲንከባለል ይታየኛል። አገር ሰጥቼው ነበር፤ ሲገባበት ግን መልሼ ቀማሁት።

ስለዚህ ጨዋታ ስትጽፉ ሁኔታውን ጻፉ እንጂ ውጤቱን አትጻፉ። ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት ጻፉ። መጨረሻውን ተውት። ልብ ወለድ ስትጽፉ መጨረሻው የእናንተ ነው፤ ጨዋታ ላይ ግን አይደለም። እኔ ሁለቱን ለዓመታት አደበላልቄአቸዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ እንባ ያመጣን ጨዋታ እንዳለ ወደ ታሪክ ስገለብጠው ወረቀቱ ላይ ይሞትብኝ ነበር። የጎደለው የልጆቹ ማመንታት ነበር። በኋላ ግን ከጨዋታው አንድ ሰው፣ ከዚያ ሰው አንድ ውሳኔ ብቻ እየመረጥኩ መጻፍ ጀመርኩ። ያኔ ታሪኮቼ መተንፈስ ቻሉ።

ስለ ዳይስም ትንሽ ላውራ፤ የሒሳብ መምህር ነኝና ታገሡኝ። የመጀመሪያዎቹ ዳይሶች ሲጠፉ ሌላ የሚገዛበት ቦታ አልነበረም። በጥሬ ቡና ሞከርን። የቡና ፍሬ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው እብጥ ስለሆነ እንደ ሳንቲም ይሠራልናል ብለን ነበር። አልሠራም። ስንቆጥረው ሁለቱ ጎኖች እኩል አይወድቁም። መጨረሻ ላይ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ስኒ ውስጥ ከትተን አንድ በአንድ አወጣን፤ የወጣውን መልሶ መክተት ደግሞ ግዴታ ነው። ይህ ለሃያ ገጽ ዳይስ ትክክለኛ ምትክ ነው። ዛሬም ዳይስ የለንም ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ደንብ ስታወጡ የዕድሉን ቅርፅ አስቡ። በሃያ ገጽ ዳይስ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር 5 በመቶ ዕድል አለው። 1ም 20ም እኩል ይመጣሉ። ባለ ስድስት ገጽ ሁለት ዳይስ ብትጥሉ ግን ሊወጡ ከሚችሉት 36 ጥምረቶች ድምሩ 7 የሚሆነው በ6ቱ ነው፤ 2 እና 12 ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ጥምረት ብቻ ይገኛሉ። ሃያ ገጹ ዳይስ ምንም ነገር የማይጨበጥበትን ዓለም ይሰጣችኋል፤ ሁለቱ ዳይስ ግን ሙያ የሚከበርበትን። ሠላሳ ዓመት የሠራች ሸክላ ሠሪ ማሰሮዋ በየሃያው አንዴ እንዲሰበርባት ትፈልጋላችሁ? ካልፈለጋችሁ ሁለት ዳይስ ውሰዱ።

ዓለማችሁን ከየት ታመጣላችሁ? ብዙዎቻችሁ የላካችሁልኝ ጽሑፍ በበረዶ ተራራና በድንጋይ ግንብ የተሞላ ነው። አልከለክልም። ግን ጅሬን ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይታችኋል? ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት በጦር ብቻ አይደለም። ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ይህን ለተጫዋቾቻችሁ ስጧቸው፦ ትልቅ ሠራዊት እየመጣ ነው፣ ትዋጋላችሁ ወይስ ትገብራላችሁ? የጅማው ትልቅ ገበያ ሂርማታ ምን ይላል? በዚያ ዘመን በገበያው የቡናና የማር ንግድ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሸጥ ነበር። ያን ደብቃችሁ ውብ መንግሥት ብቻ አትሳሉ።

ጅማን ጨምሮ በግቤ ወንዝ አካባቢ የነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት ዳር ድንበራቸው ላይ ኬላ ነበራቸው። በአንዱና በሌላው መንግሥት መካከል ደግሞ ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዉ ነበር። ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ማንም የማያዝበት መሬት፣ በሁለት በር መካከል! ለጀብዱ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

ስምም እንደዚያው ነው። አፍ የማይገባ ስም ፍለጋ አትድከሙ። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው። የቴዎድሮስ አባ ታጠቅም፣ የምኒልክ አባ ዳኘውም የፈረስ ስም ናቸው። ለጀግናችሁ መጀመሪያ ፈረሱን ስጡት፤ ቀለሙን፣ ጠባዩን አስቡ። ስሙ ከዚያ ይመጣል። ቋንቋውም አንድ ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ። የእኛ ጠረጴዛ ላይ አንዱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ሌላዋ በአፋን ኦሮሞ ትመልሳለች፤ ጨዋታው አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በድሮዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ በትውልዱ ክፉ የሆነ ዘር አለ፤ ተጫዋቹ አየው ማለት ገደለው ማለት ነው። እኔም በመጀመሪያው መጽሐፌ ውስጥ ቡዳን እንዲህ አድርጌ አስገብቼ ነበር፤ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ። አንዲት ተማሪዬ ካነበበችው በኋላ ቆማ ቀረች። አባቷ ቀጥቃጭ ነው። ምንም አላለችኝም፤ መጽሐፉን ብቻ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። እዚህ አገር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚያ ስም ስንት ዘመን ከማዕድ ተገልሏል። ያን ገጽ ከቀሩት ቅጂዎች ሁሉ በእጄ ቀደድኩት። አስፈሪ ፍጡር ፍጠሩ፤ ልጆች መፍራት ይወዳሉ። ግን የጎረቤታችሁን ሙያ ወይም ትውልድ አታልብሱት።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። እኔ በመምህርነት ደመወዝ ኖሬ፣ መጽሐፎቼን ፎቶ ኮፒ ቤት እያባዛሁ ነው የሸጥኩት። ሥራችሁን አትልቀቁ። በሳምንት አንድ ማታ ይበቃል፣ ሳታቋርጡ ከሆነ።

ቤቴ አሁንም ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ባለፈው ወር አዲስ ጨዋታ ጀመርን። ሞጋውን አቋርጠው ኬላው ጋ ደረሱ። ከበሩ ወዲያ ያለውን ከተማ ለሦስት ሳምንት ስዘጋጅበት ነበር። ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ እጇን አወጣች።

«የበረኛው ስም ማን ነው?»

ስም አላወጣሁለትም ነበር። «አንቺ ንገሪኝ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ስሙን ነገረችኝ። እናቱ እንደታመመችበት፣ ከኬላው ተነሥቶ እንዳይጠይቃት ደግሞ የሚተካው ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ሌሎቹ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። አንዱ «እኔ እተካዋለሁ» አለ።

እስካሁን ኬላውን አላለፉም።