ሰርቨሩ አላረጀም፤ መጀመሪያ ሁለተኛውን ራውተር ይፈልጉ

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ነው። 14 ኮምፒውተር አላቸው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ግማሾቹ ኮምፒውተሮች ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን ያሳያሉ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪንም ኢንተርኔትም ግን አይከፍቱም። የሚጠራው ባለሙያ መጥቶ አጥፍቶ ያበራል፣ ይሠራል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አሁን አንድ የአይቲ ድርጅት «ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙና ሁሉንም በወር ክፍያ እኛ እንያዘው» ብሏቸዋል። ልፈርም ወይ ነው ጥያቄያቸው።

እህቴ፣ ገና አይፈርሙ። ሰርቨር፣ ማለትም የፒችትሪው መረጃ የተቀመጠበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሲደክም ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነው የሚታየው። ግማሹ ላይ ብቻ፣ ያውም መብራት ሲመለስ ከሆነ፣ አንድ ሰው ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ትንሽ ራውተር ሰክቷል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ምንም ከመነካቱ በፊት ግን ፒችትሪን ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይዝጉና ባክአፑን ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ ያውጡ። ከዚያ ዲስኩን ይንቀሉት።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ኮምፒውተር ሲነሳ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ይጣራል። መልስ መስጠት ያለበት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፣ የቴሌው ሞደም። ትንሿ ራውተር ላን (LAN) በተባለው ቀዳዳዋ ስዊቹ ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሮቹ ኬብሎች የሚገናኙበት ሳጥን ላይ፣ ከተሰካች ግን እሷም ትመልሳለች። ሁለት ሰዎች አንድ በር ላይ ቆመው ለየራሳቸው የተራ ቁጥር እንደሚያድሉ ማለት ነው። ሞደሙ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል እንበል፤ እሷ በ192.168.0 የሚጀምር ትሰጣለች። ኮምፒውተሩ ቀድሞ የደረሰውን ይዞ ይቀመጣል። በአዘቦት ቀን ሁሉም የትናንቱን አድራሻ ስለሚያድሱ ችግሩ ተደብቆ ይከርማል። መብራት ሲመለስ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ሞደሙ ገና መስመር ሲፈልግ ትንሿ ቀድማ ተነስታ ማደል ትጀምራለች። ያኔ የተሳሳተውን አድራሻ የያዘ ኮምፒውተር ሰርቨሩን አያገኝም። ኋላ ሬስታርት ሲደረግ ሞደሙ ተነስቶ ስለሚጠብቅ ትክክለኛውን ሊያገኝ ይችላል። የባለሙያው «ጥገና» ይኸው ነው፤ በጠሩት ቁጥር የሚከፈለው ሰው ደግሞ ምክንያቱን ለመፈለግ አይቸኩልም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሚሠራና በማይሠራ ኮምፒውተር ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው ipconfig /all ብለው ይጻፉና «DHCP Server» የሚለውን መስመር ያወዳድሩ፤ አድራሻውን ያደለው መሣሪያ የቱ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ከተለያየ ራውተሯን ፈልገው ዲኤችሲፒዋን (አድራሻ ማደሏን) ይዝጉ፤ አድራሻዋንም ሌላ መሣሪያ ወዳልያዘው የ192.168.1 ቁጥር ይቀይሩ። ዋይፋዩ እንዳለ ይቀጥላል።

እግረ መንገድዎን ኮርኒሱ ውስጥ ያለውን ኬብል ይዩት። ጠምዝዘው በፕላስተር የቀጠሉትን በየቢሮው አያለሁ፤ ያሳፍራል። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ርካሽነቱ ለዚያ ነው። ያንን ያስቀይሩት።

ወርሃዊ ውል መጥፎ ነው አልልም። ለ14 ኮምፒውተር የራስ ባለሙያ ከመቅጠር ያዋጣል፤ ደግሞም ክፍያው ቋሚ ሲሆን ብልሽት እንዳይደጋገም የሚፈልገው ድርጅቱ ራሱ ነው። ግን ውሉ «ምላሽ በ2 ሰዓት» ካለ፣ ምላሽ ማለት ስልክ ማንሳት ነው ወይስ ሰው መላክ? ይጻፍ። የትኞቹ ዕቃዎች እንደተካተቱ በዝርዝር ይያያዝ። ዊንዶውስ 10 ካለዎት የማይክሮሶፍት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለእነዚያ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ይጠይቋቸው። ከርቀት ለመግባት ፖርት 3389ን ለኢንተርኔት እንከፍታለን ካሉ እምቢ ይበሉ፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሌቦች ከሚገቡባቸው በሮች አንዱ እሱ ነው።

ባክአፑን ደግሜ እናገራለሁ፤ ዲስኩ ተሰክቶ ከዋለ ሰርቨሩን የቆለፈ ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። በየወሩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ፣ ፒችትሪ ተከፍቶ፣ የመጨረሻው ደረሰኝ በዓይንዎ ይታይ። ይህም ውሉ ውስጥ ይግባ።

የሰርቨሩ፣ የሞደሙና የኢሜይሉ አድሚን ፓስዎርድ ታሽጎ በእርስዎ ካዝና ይቀመጥ፤ ዶሜይኑም (የኢሜይላችሁና የድረ ገጻችሁ የኢንተርኔት ስም) በድርጅታችሁ ስም ይመዝገብ። ውሉ ሲቋረጥ ሁሉንም በስንት ቀን እንደሚያስረክቡ ያልጻፈ ድርጅት ጋር አይፈርሙ።