ውሁድነቱ ታውቆ አካፋዩ ስለሚሰወር ቁጥር፦ ለወጣት የሂሳብ ተማሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

የቁጥር ንድፈ ሐሳብን ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ፣ አንድ ቁጥር ብቸኛ (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) አለመሆኑን፣ ማለትም ውሁድ መሆኑን፣ ካረጋገጥን አካፋዮቹንስ አላገኘንም ወይ የሚል ነው። አላገኘንም። በትንንሽ ቁጥሮች ላይ ሁለቱ ዕውቀቶች አብረው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ፤ ቁጥሩ ሲገዝፍ ግን ይለያያሉ።

ከ2 67ኛ ርቢ ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ባለ 21 አሃዝ ቁጥር፣ 147573952589676412927ን፣ ተመልከቱ። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ከብቸኛ ቁጥሮች ተርታ አስገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ኤድዋርድ ሉካስ ውሁድ መሆኑን ቢያረጋግጥም አንድም አካፋይ አላሳየም። 193707721 በ761838257287 ሲባዛ ይህን ቁጥር እንደሚሰጥ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው።

አካፋይ ሳይገኝ ውሁድነት እንዴት ይታወቃል? በእጃችሁ ልትሠሩት በምትችሉት በ91 ላይ ሞክሩት። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ እንዳስተማረው፣ 91 ብቸኛ ቢሆን ኖሮ የ2 90ኛ ርቢ ለ91 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን ነበረበት፤ ስታሰሉት ግን 64 ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ 7 እና 13 የሚባሉ አካፋዮች ስማቸው ሳይነሣ ጉዳዩ አለቀ። በ2 ፋንታ 3ን ብትወስዱ ግን ቀሪው 1 ይወጣል፤ ፈተናው 91ን ሳያጋልጠው ያልፋል ማለት ነው። ቀሪው ከ1 ሲለይ ማስረጃ አላችሁ፤ 1 ሲሆን ግን ገና ምንም አላረጋገጣችሁም። ብዙ ተማሪ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት።

ሌላው ምክሬ ከማስላት በፊት ማጥበብን የሚመለከት ነው። የኮልን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ134፣ ማለትም ለ67 እጥፍ፣ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ብዛታቸው ከ193 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ቁጥሮችን በተራ ሊሞክር ይነሣል፤ ያወቀው ግን ከመቶ አንዱን እንኳ አይነካም። 193707721 ራሱ 134 በ1445580 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኝ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ስላለን ይህ ዓይነቱ ማሰብ ቀርቷል የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ፈጣን መሣሪያ የያዘ ሰው ራሱ ፍለጋውን ካላጠበበ በአሃዞቹ ብዛት ይሸነፋል።

ውጤት በእጃችሁ ሲገባ በርካሽ መንገድ ፈትኑት። የሁለቱ አካፋዮች አሃዞች ድምር 37 እና 64 ነው፤ ሁለቱም ለ9 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል፤ የብዜቱ አሃዞች ድምርም 109 ስለሆነ እንዲሁ 1 ይተርፋል። ይህ መስማማት ግን ብዜቱ ትክክል ነው አያሰኝም፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ አይታይበትምና። የመጨረሻው ዳኛ ሙሉው ማባዛት ነው፤ እርሱም ቢሆን በወረቀት የአንድ ተቀምጦ ሥራ ነው። ለማግኘት እጅግ የከበደው ለማረጋገጥ ይህን ያህል መቅለሉ የምሥጢር መልእክት ጥበብ እስከ ዛሬ የሚደገፍበት ጠባይ ነው፦ አርኤስኤ በሚባለው ስልት ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ይባዛሉ፣ ብዜቱ በይፋ ይሰጣል፣ አካፋዮቹ ይደበቃሉ። ለፈተና ከቀረቡት ብዜቶች አንዱ የሆነው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ አካፋዮቹ ተበትኗል።

ልትደክሙበት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከ2 1277ኛ ርቢ ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ባለ 385 አሃዝ ቁጥር ውሰዱ። ውሁድ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ይህን እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስ ግን አንድም አካፋይ አልተገኘለትም። ብቸኛ ቁጥር የሆነ ማንኛውም አካፋዩ ለ2554፣ ማለትም ለ1277 እጥፍ፣ ሲካፈል ቀሪው 1 እንደሚሆን ከአሁኑ ታውቃላችሁ፤ ለ8 ሲካፈል ምን ሊተርፍ እንደሚችልም ከላይ አይታችኋል።