«ስትመለሺ እከፍልሻለሁ» የሚሉኝን ምን ልበላቸው?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአራት ኪሎ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ለስድስት ቀን ዱባይ እንሄዳለን። ዓምና ከእህቴ ጋር ሄጄ ያየሁት ሱቅ ብቻ ነው። ለአክስቴ ቀለበት፣ ለአጎቴ ልጅ ስልክ፣ ለጎረቤታችን ሽቶ ስፈልግ ቀኑ አለቀ። ሁሉም «ስትመለሺ እከፍልሻለሁ» ብለውኝ ነበር፤ ስመለስ ግን እኔ ዶላሩን የገዛሁበትና እነሱ በልባቸው የያዙት ዋጋ አልገጠመም፣ አክስቴም እስካሁን ግማሹን አልሰጠችኝም። አሁንም መሄዳችን ከተሰማ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ባለቤቴ «የማንንም ዕቃ አንይዝም» ብሏል። አክስቴ ግን ያሳደገችኝ ናት። ይሉኝታው ጨንቆኛል፣ ይምከሩኝ።

ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ እኔ ወደ ባለቤትሽ አደላለሁ። ግን ያሳደገችሽን አክስት ከጎረቤት ጋር እኩል አታሰልፊያት። ለእሷ አቅምሽ የቻለውን ስጦታ ከራስሽ ኪስ ግዢላት። ወርቅ ካዘዘችሽ ደግሞ ቤቷ ሄደሽ፣ ቡና ላይ፣ «እትዬ፣ የዓምናውን ሳንዘጋ አዲስ መያዝ ከበደኝ» በያት። በስልክ አይሆንም።

ለሌሎቹ አንድ መልስ ይበቃል፦ ብሩን ቀድሞ የሰጠ ብቻ። ይሄ ክፋት አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የዶላር ዋጋ በገበያ ነው የሚወሰነው፤ ስትሄጂ የነበረው ስትመለሺ ላይኖር ይችላል። የዱባዩ ገንዘብ ድርሃሙማ አይነቃነቅም፣ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። የሚዋዥቀው የኛ ብር ነው። ስለዚህ አንድ ድርሃም ስንት ብር እንደወጣበት ዶላሩን የገዛሽ ቀን አስልተሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው፣ ሁሉንም ዕቃ በዚያ ተምኚ። ለአጎትሽ ልጅ ስልክ ከያዝሽ፣ ቦሌ ላይ ቀረጥ ቢመጣ ማን እንደሚከፍል አሁኑኑ ተነጋገሩ።

ወርቁን የወርቅ ገበያው ካለበት ከዴይራ ሰፈር ከገዛሽ የዕለቱን የግራም ዋጋ መጀመሪያ ጠይቂ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻው ይንገሩሽ። ክርክሩ እጅ ዋጋው ላይ ነው፣ እዚያ በደንብ ተከራከሪ። ደረሰኙ ላይ ካራቱና ግራሙ ይጻፍ፤ ከአክስትሽ ጋር ሂሳብ ስትተሳሰቡ የሚያስታርቃችሁ እሱ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚተወው ገንዘብ አለ። እዚያ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍያለሽ፣ ለቱሪስት አብዛኛው ይመለሳል። ሱቁ በታክስ መመለሻው አሠራር የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ግዢው ቢያንስ 250 ድርሃም ይሁን፣ ስትከፍይ ፓስፖርትሽን አሳዪ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣሽን ከማስረከብሽ በፊት የታክስ መመለሻውን አረጋግጪ፤ ሻንጣው ከሄደ በኋላ ዕቃውን አሳዪ ቢሉሽ ምን ታሳያለሽ? በካርድ ስትከፍይ ማሽኑ «በድርሃም ወይስ በዶላር?» ካለሽ ድርሃምን ምረጪ። በሌላው ምንዛሪው ላይ ጨምረው ያስከፍሉሻል።

የሰውን ገንዘብና የናንተን በተለያየ ፖስታ ያዙ፣ አደራሽ። ስትቀላቅዪው ነው የሚጠፋብሽ። ለሱቅ አንድ ቀን መድቡ፣ ሁለተኛውን ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ የመጨረሻው ቀን ጥድፊያ ስለሆነ ያገኙትን ያስገዛል። ከወርቅ ገበያው ወደ ባሕር ሰርጡ ስትወርዱ ማዶ ወዳለው ቡር ዱባይ ሰፈር የምታሻግር የእንጨት ጀልባ አለች። አንድ ድርሃም ናት። አመሻሹ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ተሳፈሩባት፣ ስልክሽን ዘግተሽ።