«ክረምት ሲመጣ ራሱ ይገጥማል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፎገራ፣ ርብ ወንዝ ዳር ሩዝ አመርታለሁ። ከማሳዬ አጠገብ ያለው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ክትር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጄን እስከ ክርኔ ያስገባል። ጎረቤቶቼ «ክረምት ሲመጣ ራሱ ይገጥማል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፣ ወንድሜ። መረሬ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲርስ ያብጣል። ግን የመጀመሪያው ዶፍ አፈሩ እስኪያብጥ አይታገስም። ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ አፈሩን ያላላዋል፣ ከዚያ የክትሩ ጎን ይንሸራተታል። ሥሩ ለስላሳ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ክትሩ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ከፍታው የዛሬ አምስት ዓመት የነበረው እንዳይመስልህ።

ሰው ጎርፉን ብቻ ይፈራል። እኔ ድርቁንም እፈራለሁ። ኔዘርላንድ ውስጥ ዊልኒስ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 ጎርፍ ሳይመጣ የቦይዋ ክትር በሌሊት ተናደ። ክትሩ ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረ፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ አፈር ነበር። በዚያ ደረቅ በጋ ውሃውን አጥቶ ቀለለ፣ የቦዩ ውሃም ገፍቶ ወደ ጎን አንሸራተተው። ሆላንዶች ዛሬ በድርቅ ጊዜ ክትር ለክትር እየዞሩ ስንጥቅ ይፈልጋሉ።

አንተስ? ስንጥቁን በደረቅ አፈር ደፍነህ አትለፍ፤ ይሄ ማታለል ነው። ሰኔ ሳይገባ ቆፍረህ ክፈተው። ረጠብ ያለ አፈር በስሱ እየጨመርክ ጠቅጥቀው። ሣር ይብቀልበት፣ ከብት አይውጣበት። በክረምት ከግርጌው ደፍራሽ ውሃ ሲፈልቅ ካየህ ውስጡ እየተሸረሸረ ነው። ያን ጊዜ ጥገናውን ተወው፣ ቤተሰብህን ይዘህ ወደ ከፍታ ውጣ፣ ቀበሌውንም ጥራ።