ደብተሩ እዚያው ይቅር

ኮምቦልቻ የምትሠራ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ሰሞኑን «ጋሼ፣ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ከሕዝቡ ጋር የጀመርነውን ጥናት ማን ያስቀጥለዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ ቃሉ ወረዳ ውስጥ የማውቃቸውን አንድ አባት አስታወሰኝ።

እኚህ አባት የቅሬ ዳኛ ነበሩ፤ ቅሬ የወሎ እድር ነው። ከደሴ ሹራብ ደርበን ተነሥተን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ሹራቡን እያወለቅን ወርደን ግቢያቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተከልን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የተጠራቀመውን ውኃ በሚሊ ሜትር አንብበው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ቁጥሩ ለእኛ ነበር፤ ዳር ዳሩን የሚጽፉት ግን ለራሳቸው። «ማሽላው ማሸት ጀመረ።» «ቦርከና አረፋ ተሸክሞ መጣ፤ ከብቶቹ አሽትተው ተመለሱ።» ቁጥሩ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የዳሩ ጽሑፍ ተዘለለ፤ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውማ። ኋላ የጥናቱ ዘመን አበቃ፣ ደብተሮቹ ተሰብስበው ሄዱ፣ ሪፖርቱም ተጠረዘ። ለእርሳቸው አንድ ቅጂ እንኳ አልደረሳቸውም።

ከዓመታት በኋላ በሌላ ሥራ ሳልፍ ጎራ አልኩ። በልጃቸው የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ራሳቸው አስምረው አሁንም ይለካሉ! ቡናው እየተቀዳ «ለመሆኑ ልጄ፣ ያ ሁሉ ዝናብ የት ደረሰ?» አሉኝ። መሥሪያ ቤቱን ብጠይቅ ደብተሮቹ ያሉበትን የሚያውቅ ጠፋ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ የይሉኝታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአንድን አካባቢ የአየር ጠባይ አማካይ ለማውጣት የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የሚጠቀምበት ዘመን 30 ዓመት ነው። ፕሮጀክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት፣ ሲበዛ አምስት ነው። በልግ በሚከዳው፣ የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ባየው ወሎ ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ቅሬ ደግሞ አባላቱ እየሞቱም ይቀጥላል።

ፈቃድ ስለ መጠየቅና ሽማግሌ ስለ ማስቀደም አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች የማታውቁት መቀመጥን ነው። ታብሌታችሁን ይዛችሁ ትመጡና አቦሉን ፉት ብላችሁ ትነሣላችሁ። ሰው የልቡን የሚያወራው ቶናው ላይ ነው።

ለሚለካው ሰው ክፈሉ። እናንተ አበል የምትቀበሉበት ሥራ ለእርሱ ጽድቅ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም። እርግጥ እኚያ አባት ከፋዩ ከሄደ በኋላም ለክተዋል፤ ታዲያ ገንዘቡ ምን ፈየደ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ቢሆንም ክፈሉ።

ደብተሩን በሁለት ቅጂ አስይዙ፤ ዋናው ከቅሬው መዝገብ ጋር ይቀመጥ፣ እናንተ ግልባጩን ውሰዱ። ውጤቱንም ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን፣ አጨዳ በሌለበት ወቅት፣ «ዘንድሮ በልጉ ከአምናው በዚህን ያህል አነሰ» እያላችሁ አንብቡላቸው። ለዳሩ ጽሑፍም ቅጹ ላይ ዐምድ ስጡት። አረፋው የታየበት ቀን የወንዙ ናሙና መቼ መቀዳት እንዳለበት ይነግራችኋል፤ ያለዚያ ናሙና የሚቀዳው መኪና በተገኘ ቀን ነው።