«ካንሰር አግኝተው ደብቀውኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከ20 ዓመት በላይ አረቄ ጠጥቻለሁ። ባለፈው ዓመት ሆዴ አብጦ ሆስፒታል ስገባ ጉበትዎ ጠባሳ ሆኗል፣ ሲሮሲስ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ አልቀመስኩም። አሁን ደህና ነኝ፤ የጉበት ምርመራዬም ንጹህ ነው። ሐኪሙ ግን በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሱ ይለኛል፤ ልጄንም ለብቻው ጠርቶ አነጋግሮታል። ምንም ስላላመመኝ ያለፈውን ቀጠሮ ትቼዋለሁ። ዘመድ ያመጣልኝን የሥር መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ካንሰር አግኝተው ደብቀውኝ ይሆን?

መልስ፦ ካንሰር ያየ ሐኪም «ከ6 ወር በኋላ ይመለሱ» ብሎ አይሸኝም። ወዲያው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያዝዝ ነበር። በየ6 ወሩ የሚጠራዎት ድንገት ካንሰር ቢነሳ ገና ትንሽ ሳለ ሊይዘው ነው። ልጅዎን ምን እንደተባለ ይጠይቁት። ሐኪሙንም «ያለኝን ለራሴ ንገረኝ» ይበሉት፤ መብትዎ ነው። በሽታን ከታማሚው ሸሽጎ ለቤተሰብ የመንገር ልማዳችን ስንቱን ሰው እንቅልፍ ነስቷል።

መጠጡን መተውዎ ትልቅ ነገር ነው። እግዜር ያጽናዎት። ጠላና ጠጅም አብረው መቆም አለባቸው፤ የቤት ስለሆነ አልኮል የለውም ማለት አይደለም። ሆኖም ጠባሳው አሁንም ጉበትዎ ላይ አለ፤ ካንሰሩ የሚነሳውም እዚያ ላይ ነው። የጠጣ ሰው ሁሉ ይህ ክትትል አያስፈልገውም። ሲሮሲስ ያለበት ግን ያስፈልገዋል። እንዳይደነግጡ፣ እንደርስዎ ካሉ 100 ሰዎች በአንድ ዓመት ካንሰሩ የሚጀምራቸው ብዙውን ጊዜ ከ3 አይበልጡም።

ንጹህ ነው የተባለው የጉበት ኢንዛይም የሚለካው የደም ምርመራ ይመስለኛል። ኢንዛይም ዕጢ አያሳይም። አለማመሙም ዋስትና አይሆንም፤ ጉበት የሚያመው ሽፋኑ ሲወጠር ነው። ቀኝ ጎኔን ይውጋኝና እሄዳለሁ ካሉ ዕጢው እስኪያድግ ጠበቁት ማለት ነው። 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ሳለ ቢገኝ ቆርጦ ማውጣት ወይም በመርፌ ገብቶ በሙቀት ማቃጠል ይቻላል። እና ቀጠሮውን የተዉት ለምንድን ነው?

ወደ ሥሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አገራችን ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው፤ መርፌ ከተወጋ ይሞታል፤ መድኃኒቱ ሥር ብቻ ነው ይሉታል። ሥሩ ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ሰውየው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ «በሽታው ወጣለት» ይባላል። ከሳምንታት በኋላ ዓይኑ ሲነጣ ምስጋናው ለሥሩ ይሄዳል። ያ ሰው የያዘው ብዙ ጊዜ እንደ ሄፓታይተስ ኤ ያለ ራሱ የሚለቅ የጉበት ቫይረስ ነው፤ ባይጠጣውም ይድን ነበር። የሞተው ደግሞ «መርፌ ተወግቶ ነው» ተብሎ ይቀበራል። እንዲህ ያለ መድኃኒት መቼም አይሸነፍም! የርስዎ በሽታ ግን ራሱ የሚለቅ አይደለም። ያጠጡዎትን ሁሉ የሚያጣራው ያው የተጎዳው ጉበት ነው፤ የሥሩን መጠንም የለካው የለም። ደህና የነበረ ሲሮሲስ እንዲህ ባለ ነገር በጥቂት ቀን ሊከፋ ይችላል። ዛሬውኑ ያቁሙ። ዘመድዎ ይቀየሙ እንጂ።

ሌላ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። አልትራሳውንዱን የሚነሱት ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ነው። ሆድዎ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባሉ፣ ትንፋሽዎን ያዝ ያደርጋሉ፣ አለቀ፤ አያምም። አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የሚባለውን፣ የጉበት ካንሰርን ለመጠቆም የሚረዳውን የደም ምርመራ ከቻሉ ጨምሩበት ይበሏቸው። ሄፓታይተስ ቢም ተመርምረው ካላወቁ ይመርመሩ። ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰች ነገር ታይታ «በ3 ወር ይመለሱ» ቢባሉ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። አድጋ እንደሆነ ለማየት ነው።

ደም ካስመለስዎ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይንኩ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ በቀን ከ4 ፍሬ አይለፍ። የተረፈውን ሥር አይጣሉት፣ ይዘውት ይሂዱና ሐኪሙ ይየው።