ዙፋኑን አይቶ ትራሱን ማለፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሰሞን ስለ አሮጌ የእንጨት ዕቃና ስለ ቅርጻ ቅርጹ ጥቂት ጽፌ ነበር። ጥያቄው ከገመትኩት በላይ መጣ፤ ግማሹ ከሙዚየም ደጃፍ፣ ግማሹ ከየሰው ሳሎን። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። «ይሄ ስንት ያወጣል?» የሚሉትን ትቻቸዋለሁ፤ ዋጋ ገማች አይደለሁም፣ ብሆንም በፎቶ አልገምትም።

«ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ዙፋን አየሁ። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ አለቀ። አጠገቤ የነበሩት ግን ቆመው ቀሩ። ምኑን ነው እንዲህ የሚያዩት?» (ከአራት ኪሎ)

ምንም አላጠፉም። አብዛኛው ሰው አምስት ኪሎ የሚሄደው ለድንቅነሽ ነው፤ ዙፋኑን የሚያየው እግረ መንገዱን ነው። በሚቀጥለው ሲሄዱ እንዲህ ይሞክሩ። መጀመሪያ ራቅ ብለው ይቁሙና ጠቅላላ ቅርጹን ይዩ። ዙፋን የሚሠራው የተቀመጠበትን ሰው ለማግዘፍ ነው፤ መደገፊያው ከራስ በላይ የሚያልፈው ወገብ ለማሳረፍ አይደለም። ከዚያ ወደ ጎን ይሂዱ። ፊት ለፊት ሲያዩት ቅርጽ ሥዕል ይመስላል፤ ከጎን ግን ጥላው ይወጣና ጥልቀቱ ይታያል።

እንጨት ላይ የሚሠራ ጌጥ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው፦ ላይ ላዩን በስለት የተጫረ፣ ዙሪያው ተፈልፍሎ ከመደቡ (ከኋላው ካለው ጠፍጣፋ ገጽ) ጎልቶ የወጣ፣ ወይም መደቡ ጭራሽ ተበስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ። እኛ የምናደንቀው የጎላውን አበባ ነው። እንጨት ቀራጭ ይዘው ቢሄዱ ግን ዓይኑን የሚጥለው በአበባዎቹ መካከል ባለው ባዶ መደብ ላይ ነው። አበባውን ለማጉላት ዙሪያውን ሁሉ እኩል ዝቅ ማድረግ ግድ ነው፤ መሮ እንደ ልብ የማይገባበት ጥግ ላይ ሲደረስ ደግሞ ትዕግሥት ያልቃል። ጥጉ ጥርት ያለ ከሆነ ሠሪው አልቸኮለም። አንዳንዱ መደቡን በነጥብ በነጥብ ይወጋዋል፤ ያምራል፣ የመሮውን ጭረትም ይሸፍንለታል።

የእንጨቱን ጅማትም (በግንዱ ርዝመት የሚሄደውን መስመር) ይከተሉ። ቀጭን ነገር፣ የአንበሳ ጅራት ይበሉት የአበባ አገዳ፣ በጅማቱ ርዝመት ካልሄደ ይሰበራል። አሮጌ ቅርጽ ላይ ጎድሎ የሚያገኙት ጫፍ ብዙውን ጊዜ ጅማቱን አቋርጦ የተቀረጸው ነው። ከዚያ ግራና ቀኙን ያወዳድሩ። መንታ የሚመስሉ ሁለት አበባዎች በእጅ ከተሠሩ አንዱ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ወይም ቅጠሉ ይሰፋል። በማሽን የወጣ ከሆነ ይህን ልዩነት አያገኙትም።

«ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ ነው የምማረው። እዚህ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም አያቴ ቤት ያለውን በርጩማና የእንጨት ትራስ መስተዋት ውስጥ አድርጎ ያስከፍለናል። ይሄ ነው ቅርስ?»

አያትህ ቤት ካለ ገንዘቡን ለአያትህ ክፈል፤ ግን እንደገና ሂድ።

ሕንፃው ገነተ ልዑል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው እስኪሰጡት ድረስ ቤተ መንግሥታቸው ነበር፤ መኝታ ክፍላቸው አሁንም ይጎበኛል። (ደጁ ላይ ወደ የትም የማይወስድ የጣልያን ጊዜ ደረጃ አለ። እርከኖቹ ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ያሉትን ዓመታት እንዲቆጥሩ የተሠሩ ናቸው፤ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ አለበት። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ ቀና ብሎ የማያየው ተማሪ ብዙ ነው።) ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር የንጉሥ አልጋና የከብት አርቢ ትራስ ታገኛለህ። ኤግዚቢሽኑ ደግሞ የተደረደረው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልጅነት ተነስቶ ከሞት ባሻገር ድረስ።

ምረጥ ብባል እኔ ከዙፋኑ ይልቅ ትራሷን እወስዳለሁ። ዙፋን ላይ ጉድለት ቢኖር ጌጥ ይሸፍነዋል። ትራስ ላይ መደበቂያ የለም፦ አንገት የሚያርፍበት ጎድጓዳ፣ አንድ እግር ወይም ሁለት፣ ከሥር መቆሚያ፣ በቃ። ጎድጓዳው ጥቂት ቢሰፋ ራስ ይንከባለላል፣ ጥቂት ቢጠብ አንገት ይቆርጣል። የተሠራችው በቅቤ ወይም በአፈር ያማረ የፀጉር አሠራር መሬት ነክቶ እንዳይበላሽ ነው። በኦሞ ሸለቆ ወንዶቹ ከከብቶቻቸው ጋር ሲውሉ በእጃቸው ይዘዋት ይዞራሉ፤ ቀን መቀመጫ፣ ሲጋደሙ ትራስ። እንግዲህ መስተዋቱ ጋ ጠጋ በልና ከላይ ያለውን ወዝ ተመልከት። ቫርኒሽ አይደለም፤ የዓመታት ላብና ቅባት ነው። ከእግሯ በታች ግን እንጨቱ አሁንም ደረቅና ሻካራ ነው።

የጅማን ወንበር ስታገኝም አትለፈው። መቀመጫው፣ መደገፊያውና እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ ምስማር የለም፣ ኮላ የለም። ከግንዱ አብዛኛው ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል፤ መጥረቢያው አንዴ ከሳተ ደግሞ መልሶ የሚለጠፍ ነገር የለም። እግሩ ሦስት የሆነው ለቁጠባ እንዳይመስልህ። ባለ ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገድም። ባለ አራቱን ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ወረቀት አጣጥፈህ ታስደግፈዋለህ።

«ቸርችል ጎዳና ላይ ‹የመቶ ዓመት ዕቃ ነው› ተብዬ በርጩማ ገዛሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።» (ከካዛንቺስ)

ሳላየው ለማናችሁም አልፈርድም፤ ግን ይገልብጡት። ዕድሜ የሚታየው ከሥር ነው። በእርግጥ ያገለገለ በርጩማ ቀለሙ አንድ ወጥ አይሆንም፦ መቀመጫው ያብለጨልጫል፣ እጅ የሚይዘው ጠርዝ ይጠቁራል፣ የመቀመጫው የታችኛው ገጽ ፈዞ ይቀራል፣ የእግሩ ጫፍ ይበላል። ላዩም ታቹም ስንጥቁም እኩል ከጠቆረ ተቀብቷል ማለት ነው።

መቀመጫው ክብ ከሆነና ጅማቱ አግድም የሚሄድ ከሆነ ሜትር ያምጡ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይሰበሰባል። በጅማቱ አቅጣጫና ጅማቱን አቋርጠው ሲለኩት ልዩነት ካለ እርጥብ ሳለ ተሠርቶ የደረቀ ነው። ይህ ብቻውን መቶ ዓመት አያስመሰክርም፤ ጥቂት ዓመትም ይበቃዋል። ነቀዝ የበሳው ቀዳዳ ካለ ቀጭን ሽቦ ይስደዱበት፦ ነፍሳት ጠማማ መንገድ ነው የሚቦረቡሩት፣ መሰርሰሪያ ግን ቀጥ ብሎ ይገባል። ከሁሉ በላይ እኔን የሚያሳምነኝ አሮጌ ጥገና ነው። የተሰነጠቀውን በጠፍር ወይም በሽቦ የሰፋ ሰው ዕቃውን ይፈልገው ነበር፤ ለቱሪስት ሊሸጥ የሚሠራ ሰው እዚያ ድረስ አይደክምም።

«የአባቴ ቡፌ በሮቹ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። አናጢው ልጦ አዲስ ቫርኒሽ ሊቀባልኝ ይፈልጋል። የታችኛው መሳቢያ ደግሞ ዱቄት ያፈሳል።» (ከፒያሳ)

አናጢውን ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። ብርጭቆ ወረቀት ለጠፍጣፋ ሳንቃ ነው። ቅርጽ ላይ ሲፈገፈግ የቅጠሉ ስለታም ጠርዝ ይዶለዱማል፣ የደም ሥሩ ይጠፋል፣ ያንን የሚመልስ ቫርኒሽ የለም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ከየጥጉ ያውጡ፤ ከዚያ ንጹሕ የንብ ሰም በጣም በስሱ፣ ከዚያ በጨርቅ ማሸት። ውኃ አይንካው፤ በነጭ ጋዝ መወልወልም ይቅር። የምግብ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ሲቆይ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል።

ዱቄቱ የነፍሳት ሥራ ነው። አሁንም እየበሉት መሆኑን ለማወቅ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉና ይጠብቁ። አዲስና ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ በሕይወት አሉ። መሳቢያውን አውጥተው በፕላስቲክ አጥብቀው ይጠቅልሉትና በደንብ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያስገቡት፤ ሲያወጡት እስኪሞቅ ድረስ ፕላስቲኩን አይፍቱት። ፍሪዘርዎ ካልበቃው ትልቅ ፍሪዘር ያለው ጎረቤት ይፈልጉ።

ሳንቃው ላይ ስንጥቅ ካለ በስቱኮ አይድፈኑት። የአዲስ አበባ እንጨት በበጋ ይጠባል፣ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ የሞሉት ስንጥቅ ክረምት ላይ ሊዘጋ ሲል መግቢያ ያጣና ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ቡፌውን ከመስኮት ፀሐይ ያርቁት፣ ከእርጥብ ግድግዳም ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት።

ለመሸጥ ካሰቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በ1986ቱ የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ በስማቸው ተጠቅሰው ጥበቃ የተደረገላቸው መመናመናቸው ስለታየ ነው። የአባትዎ ቡፌ ከእነዚህ ከአንዱ ከሆነ እንደዚያ ያለ ወፍራም ሳንቃ ዛሬ መርካቶ ገብተው በቀላሉ አያገኙም። ቺፑድ ይሰጡዎታል።

«የኮንሶ የእንጨት ሐውልቶች ጣዖት ናቸው ወይ? ልጄ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ።»

አይደሉም። ዋካ የሚባለው ይህ ሐውልት ለሞተ ጀግና መታሰቢያ የሚቆም ነው። መካከል ላይ ባለቤቱ፣ አጠገቡ ሚስቶቹ፣ ከዚያ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ይደረደራሉ፤ የቤተሰብ ፎቶ ነው ብለው ይንገሯት። ስለዚህ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማየት ታሪኩን ማጉደል ነው። የኮንሶ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ብዙ ዋካ ከመቃብር ላይ እየተነቀለ ተሰርቋል፤ ከተመለሱት የተወሰኑት እዚያው ኮንሶ ሙዚየም ገብተዋል። ሳሎኑ ውስጥ አንዱን አቁሞ «አንቲክ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ከየት እንዳገኘው ይጠይቁት።

«ትኬት ሳልቆርጥ መሀል ከተማ ላይ የድሮ የእንጨት ጌጥ የት አያለሁ?»

ፒያሳ፣ የቀረው ላይ። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢ ጋር የሠሯቸው ቤቶች ሰፊ የእንጨት በረንዳ አላቸው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተንጠለጠለውን ዳንቴል የመሰለ ጌጥ ልብ ይበሉ፤ በቀጭን መጋዝ የተቆረጠ ነው። ጣይቱ ሆቴል ገብተው ቡና ይዘዙ፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ጉዳት ቢደርስበትም ከፎቁ መውጫ ደረጃ ጀምሮ አሮጌው እንጨት አለ። ትኬት ከቆረጡ አይቀር በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ወደተከፈተው አንድነት ፓርክ ይሂዱና የምኒልክን ቤተ መንግሥት ቤቶች ይዩ፤ መስቀል አደባባይ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየምም የራስ ብሩ ቤት ስለነበር ከዕቃው በፊት ቤቱን ዞር ብለው ቢያዩት አይከፋም። ፒያሳን ግን አያሳድሩት። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን ስለማውቅ ነው እንዲህ የምቸኩለው፤ በረንዳ ሲፈርስ ቅርጹ ማገዶ ሆኖ ነው የሚጫነው።

«ከዋሽንግተን መጥቼ ነው። የእናቴን እናት ባለቅርጽ ሳጥን በሻንጣ ልወስድ እችላለሁ?»

ፈቃድ ሳይዙ አይሞክሩት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፤ የቤተሰብ ንብረት መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳዩት። በእርግጥ አሮጌ ከሆነ መልሱ «አይቻልም» ሊሆን ይችላልና፣ ከመሄድዎ በፊት የሚጠብቀው ዘመድ ያስቡበት። ቦሌ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ መከራከር ለሳጥኑም ለእርስዎም አይበጅም።

«ልጄ ለንደን ነው። በዚህ ነገር ምን ይይ?»

ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገብቶ ግሪንሊንግ ጊበንስ እ.ኤ.አ. በ1690 ገደማ የቀረጸውን የአንገት ክራቫት ይፈልግ። የቬኒስ ዳንቴል ይመስላል፤ እንጨት ነው። ሆራስ ዋልፖል የሚባል መኳንንት እ.ኤ.አ. በ1769 አንገቱ ላይ አድርጎት እንግዶቹን ተቀብሎበታል። የእንጨቱ ዓይነት ላይም ሚስጥር አለ፦ የተቀረጸበት ሊንደን ለስላሳና ጅማቱ የማይታይ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ሲቆርጡት አይሰነጠቅም፤ ወይራ ላይ እንዲህ ልሥራ የሚል ቢኖር ከመሮው ጋር ይጣላል። እግረ መንገዱን እዚያው ሙዚየም በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደውን የወርቅ ዘውድ ያያል። በብሪትሽ ሙዚየም ያሉትን የመቅደላ ታቦታት ግን ማንም አያሳየውም፤ ለሕዝብ አይወጡም፣ መውጣትም የለባቸውም። አገራቸው መመለሳቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

«ጋሼ፣ ቅርጽ መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» (የ19 ዓመት ወጣት፣ ከአራዳ)

ወረቀት ከፈለግህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ይሰጣል። እጅህን ለማስለመድ ብቻ ከሆነ ከቤት ሠሪዎች የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ለምነህ ውሰድ፤ ለስላሳ ነው፣ ስህተት ይችላል። መሮ ስትገዛ ብዙ አትሰብስብ፤ አንድ ጠፍጣፋና አንድ ጎድጓዳ ይበቃሃል፣ የተረፈውን ገንዘብ ለመሳያ ድንጋይ አውጣው። የደነዘ መሮ እንጨቱን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የምትገፋበት ጉልበት ሲጨምርም የሚያመልጠው ወደ ግራ እጅህ ነው። ሁለቱም እጆችህ ከስለቱ ኋላ ይሁኑ፣ እንጨቱን በማሰሪያ እሰረው። አንበሳ ለመቅረጽ አትጣደፍ። መጀመሪያ አንድ መዳፍ የሚያህል መደብ እኩል ዝቅ አድርግና ጥጎቹን አጽዳ፤ እሱ ሲወጣልህ ፎቶ ላክልኝ።